የዕረፍት ትእዛዝና የእንቅስቃሴ ትእዛዝ፦ ከሮያል ፍሪ ሆስፒታል እስከ ሎንግ ኮቪድ

በጁላይ 13 ቀን 1955 በለንደኑ ሮያል ፍሪ ሆስፒታል አንድ ሐኪምና አንዲት የክፍል ኃላፊ ነርስ ታመው፣ በሚሠሩበት ሆስፒታል አልጋ ያዙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የታመሙት ሠራተኞች ከ70 በለጡ። በጁላይ 25 ሆስፒታሉ ተዘጋ፤ እስከ ኦክቶበር 5 ድረስም ሳይከፈት ቆየ። በኖቬምበር መጨረሻ ወረርሽኙ ሲበርድ 292 ሠራተኞች ታመው ነበር፤ ከእነሱ 255ቱ ተኝተው ታክመዋል። በዚያው ሕንፃ ቀድሞውኑ በሌላ በሽታ ተኝተው ከነበሩት ሕመምተኞች ግን የተያዙት 12 ብቻ ናቸው። የሞተ ሰው አልነበረም።

በሽታው ሲጀምር ጉንፋን ይመስል ነበር፤ ራስ ምታት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ቀላል ትኩሳት። ከዚያ የአንገት ዕጢዎች ያብጣሉ፣ ጡንቻ ይዝላል፣ ጀርባና እጅና እግር ይቆረጥማል፣ አንዳንዱም ዓይኑን ወይም ፊቱን በሚያንቀሳቅሱ ነርቮች ላይ ችግር ይታይበታል። የሆስፒታሉ ሐኪሞች ከሁለት ዓመት በኋላ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባወጡት ዘገባ ይህን ሁሉ በዝርዝር መዝግበዋል። ለእኔ ከዘገባው ክፍሎች ሁሉ ክብደት ያለው የማገገሚያው ጊዜ የተጻፈበት ነው። ተሻለኝ ብሎ የተነሣ ሰው ወዲያው መልሶ ይወድቅ ነበር፤ የአንዳንዱም ድካም ከሳምንታት ወደ ወራት ተሻገረ።

ዛሬ ሎንግ ኮቪድ የሚባለው ሕመም ካስነሣቸው ጥያቄዎች ዋናው ይኸው የሮያል ፍሪ ጥያቄ ነው። ከቫይረስ በኋላ ደክሞ የቀረ ሰው ይረፍ ወይስ ይንቀሳቀስ? ሐኪሞች ከመቶ ዓመት በላይ ደጋግመው መልስ ሰጥተዋል፤ መልሳቸውም ደጋግሞ ተገልብጧል። መዝገቡን ስከታተል ያስተዋልኩት፣ ትእዛዙ በተገለበጠ ቁጥር የተለወጠው ስለ በሽታው መንሥኤ የነበረው እምነት እንጂ ሕመምተኞቹ የተናገሩት እንዳልሆነ ነው። ሕመምተኞቹ በ1955ም በ2020ም የተናገሩት ተቀራራቢ ነው፦ ጥቂት ስሠራ፣ ዕዳው በማግሥቱ ይመጣብኛል።

ሮያል ፍሪ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1934 በሎስ አንጀለስ ካውንቲ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከተማው በፖሊዮ ሥጋት ተውጦ ሳለ፣ 198 ሠራተኞች ታመሙ። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ባልደረባ የነበረው አሌክሳንደር ጊሊያም በ1938 ባሳተመው ጥናት፣ በሽታው ፖሊዮ ተብሎ ቢመዘገብም ጠባዩ የፖሊዮ እንዳልሆነ አሳይቷል። የሞተ የለም፤ ሽባ ሆኖ የቀረ እምብዛም የለም፤ ሕመሙና ድካሙ ግን እያገረሸ አልለቅ አለ። በ1948 መገባደጃ ደግሞ በሰሜን አይስላንድ በምትገኘው በአኩሬይሪ ከተማ ከ400 በላይ ሰዎች ተመሳሳይ ሕመም ያዛቸው። ወረርሽኙን ያጠናው ብዮርን ሲጉርድሶን በእንስሳት ላይ ቀስ ብለው የሚሠሩ ቫይረሶችን በመመርመር ስሙ የሚነሣ ሳይንቲስት ነው። ሰባት ዓመት ቆይቶ እውነተኛ ፖሊዮ አይስላንድን ሲመታ የአኩሬይሪ አካባቢ በአብዛኛው ተርፏል። ይህም የቀደመው በሽታ አንድ ዓይነት መከላከያ ትቶ እንደሆነ እስካሁን የሚያነጋግር ነገር ነው።

የዕረፍት ትእዛዝ ግን ከዚህም ይቀድማል። በ1869 የኒው ዮርኩ የነርቭ ሐኪም ጆርጅ ቢርድ ኒውራስቴኒያ የሚል ስም አወጣ፤ የነርቭ ኃይል መሟጠጥ ማለቱ ነበር። የፊላደልፊያው ሳይላስ ዊር ሚቸል ደግሞ ሕክምናውን በ1877 በመጽሐፍ አወጣው። ሕመምተኛዋ (ብዙ ጊዜ ሴት ናት) ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ከአልጋ አትነሣም፤ ወተት በብዛት ትጠጣለች፤ ሰውነቷ ይታሻል፤ ጡንቻዋ በኤሌክትሪክ ይነቃቃል፤ ማንበብና መጻፍ ትከለከላለች። በዚህ ሕክምና ያለፈችው ደራሲ ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን በ1892 ያወጣችው አጭር ልብ ወለድ ዘዴውን ክፉኛ ያጋለጠ ነበር። የሚቸል ዕረፍት በትእዛዝ የሚጫን ዕረፍት ነው፤ ልኩን ሐኪሙ ይወስናል፣ ሕመምተኛዋ ትታዘዛለች። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች ዕረፍት የሚለውን ቃል በጥርጣሬ እንዲያዩት ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ይህ ትዝታ ይመስለኛል።

ስለ ወረርሽኝ ስንጽፍ የምንቆጥረው ሟቾችን መሆኑም ከበሽታ በኋላ የሚቀረው ድካም እንዲድበሰበስ አስተዋጽኦ አድርጓል። በእኛም አገር የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ ዓለም የ1918 ኢንፍሉዌንዛ የሚለው፣ የሚታወሰው በቀብር ብዛትና ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ በማቃጠል ልማድ ነው። በጊዜው አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጠና ታመው ተርፈዋል። የተረፈ ሰው ስንት ወር ቆይቶ ወደ ሥራው እንደተመለሰ የሚነግር ሐውልትም ሆነ በዓል በየትኛውም አገር አላየሁም።

ወደ ለንደን እንመለስ። በ1956 ዘ ላንሴት ባወጣው ርእሰ አንቀጽ ለበሽታው ማያልጂክ ኢንሴፋሎማየላይትስ የሚል ስም ቀረበ፤ ከፊቱም የማይገድል መሆኑን የሚያመለክት ቅጽል ነበረው። የሮያል ፍሪ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም ሜልቪን ራምሴ ግን ቅጽሉ አልተዋጠለትም፤ የማይገድል በሽታ ሁሉ ቀላል አይደለምና። ራምሴ ሕመምተኞቹን ለሠላሳ ዓመት ያህል ተከታትሏል። በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ነገሮችን አጥብቆ ጽፏል። አንደኛው፣ የበሽታው ዋና መለያ ከጥቂት ልፋት በኋላ ጡንቻው ሙሉ ኃይሉን ለመመለስ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ መፍጀቱ ነው። ሁለተኛው፣ በተሻለ ሁኔታ የሚድኑት ገና ከመነሻው በቂ ዕረፍት ያገኙት ናቸው። ቁጥጥር ያለው ሙከራ አላደረገም፤ ስለዚህ ቃሉ በዛሬ መለኪያ ደካማ ማስረጃ ነው። ሆኖም ሕመምተኞቹን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ መርምሮ፣ ለዓመታት ተከትሎ የጻፈ ሰው ምስክርነት ነው።

በጃንዋሪ 1970 ኮሊን ማክኤቬዲና ኤ. ደብሊው. ቢርድ የተባሉ ሁለት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ሌላ ንባብ አቀረቡ። የ1955ቱ ወረርሽኝ የጅምላ ሂስቴሪያ ነበር አሉ። (ማክኤቬዲ ለእኛ ለታሪክ ሰዎች እንግዳ አይደለም፤ የአፍሪካን ጨምሮ በርካታ የታሪክ አትላሶችን ያዘጋጀው እሱ ነው።) መከራከሪያቸው ይህ ነበር፦ ከታመሙት የሴቶቹ ቁጥር ከወንዶቹ እጅግ ይበልጣል፤ የሕመምተኞቹ ስቃይ ከትኩሳታቸው ጋር አይመጣጠንም፤ በቆዳ ላይ የሚታየው የመደንዘዝ አሰላለፍ የነርቮችን መሥመር አይከተልም፤ ከተማው ደግሞ ፖሊዮን ይፈራ ነበር። ማስረጃቸውን ያገኙት ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ከተጻፉ ካርዶች ነው፤ ሕመምተኞቹን አላነጋገሩም፣ አልመረመሩም።

ሰነድ ላይ ተመርኩዞ መጻፍ የእኔም ሙያ ስለሆነ በዚህ ቦታ ቆም ማለት አለብኝ። ካርድን እንደገና ማንበብ በራሱ ጥፋት የለበትም። ነገር ግን ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ፣ ብዙዎቹም በዚያው ከተማ እየኖሩ፣ ካርዱን ብቻ ይዞ ስለ ነፍሳቸው መፍረድ ምንጭን በደንብ አለመመርመር ነው። የሴቶቹ መብዛትም ቢሆን ሆስፒታሉ ማንን ቀጥሮ በአንድ ማደሪያ እንዳኖረ ሳይጠየቅ ምንም አያስረዳም። ራምሴ ያነሣው ሌላ ነጥብም ነበር፦ ከወረርሽኙ በፊትና በኋላ በሰሜን ለንደን፣ ከሆስፒታሉ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ሰዎች በተመሳሳይ ሕመም መጥተውበታል። በአንድ ግቢ የተዛመተ ፍርሃት እነዚህን ሊያስረዳ አይችልም። ያም ሆኖ የሁለቱ ሐኪሞች ንባብ ለብዙ ዓመታት የበላይ ሆኖ ቆየ።

በ1984 እና በ1985 በአሜሪካ ታሆ ሐይቅ ዳር በምትገኘው ኢንክላይን ቪሌጅ ዳንኤል ፒተርሰንና ፖል ቼኒ የተባሉ ሐኪሞች ብዙ ሕመምተኞች ከጉንፋን መሰል በሽታ በኋላ አለመዳናቸውን አሳወቁ። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መርማሪዎች መጡ፤ በ1988ም ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ሥር የሰደደ የድካም ሲንድረም የሚለው ስም ይፋ ሆነ። ስሙ ጉዳት አድርሷል ብዬ አምናለሁ፤ ደክሞት የማያውቅ ሰው ስለሌለ፣ የሰማው ሁሉ ያወቀው መሰለው።

በ1989 በብሪታኒያ ሳይመን ዌስሊና ባልደረቦቹ ለሕክምናው አዲስ መንገድ አቀረቡ። ሐሳቡ ቀና ነበር፤ ሕመምተኞቹ ተስፋ እንዲያገኙ የፈለገ ነው። በሽታውን ቫይረስ ጀምሮት ሊሆን ይችላል፤ እንዳይለቅ የሚያደርገው ግን ሕመምተኛው እንቅስቃሴን መፍራቱ፣ በመተኛቱም ጡንቻው መላሸቁ ነው ይላል። መፍትሔውም ከዚህ ይከተላል፦ ፍርሃቱን በንግግር ሕክምና ማስለቀቅ፣ እንቅስቃሴውን በመርሐ ግብር ደረጃ በደረጃ መጨመር። በ2007 የብሪታኒያው የጤናና እንክብካቤ የልቀት ተቋም፣ ናይስ፣ ሁለቱን ሕክምናዎች ቀላልና መካከለኛ ሕመም ላለባቸው እንዲሰጡ መከረ።

ይህን መንገድ ያጸናል የተባለው ትልቁ ሙከራ ፔስ ይባላል። 641 ሕመምተኞች በአራት ቡድን ተከፈሉ። ሁሉም የልዩ ሐኪም ክትትል ያገኛሉ፤ ከዚያ በላይ አንዱ ቡድን የንግግር ሕክምና፣ አንዱ እየጨመረ የሚሄድ እንቅስቃሴ፣ አንዱ አቅምን መመጠን የሚያስተምር ሕክምና ይጨመርለታል፤ አራተኛው ክትትሉ ብቻ ነው ያለው። ውጤቱ በ2011 በዘ ላንሴት ወጣ፤ በ2013 በተከተለው ጽሑፍ ደግሞ በንግግር ሕክምናውም በእንቅስቃሴውም 22 በመቶው አገገሙ፣ በሁለቱ ቀሪ ቡድኖች ግን ከ7 እስከ 8 በመቶ ብቻ ተባለ። ዜናው በሰፊው ተሰራጨ።

ሕመምተኞች ጽሑፉን ቁጭ ብለው አነበቡት። ከመቶ በሚቆጠር የአካል ብቃት መጠይቅ 65 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ ሰው ወደ ሙከራው ለመግባት በቂ ታማሚ ነው፤ በመጨረሻ ግን 60 ያገኘ ሰው በዚያ መለኪያ እንዳገገመ ተቆጥሯል። በመጀመሪያው ዕቅድ የማገገም ወለሉ 85 ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው 65 ይዞ ገብቶ፣ ወደ 60 ወርዶ፣ በዚህ መለኪያ ድኗል ሊባል ይችል ነበር። አንድ አውስትራሊያዊ ሕመምተኛ በ2014 በመረጃ ነጻነት ሕግ መረጃው እንዲሰጠው ጠየቀ። ሙከራውን የመራው የለንደኑ ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ የተሳታፊዎቹን ምሥጢር መጠበቅ አለብኝ ብሎ ተከራከረ፤ ለጠበቃ ከ240 ሺህ ፓውንድ በላይ አወጣ፤ በኦገስት 2016 ተረታ። መረጃው በመጀመሪያው ዕቅድ ሲሰላ ያገገሙት በንግግር ሕክምናው 7 በመቶ፣ በእንቅስቃሴው 4 በመቶ ያህል ሆኑ፤ ከሌሎቹ ሁለት ቡድኖች ጋር ያላቸው ልዩነትም በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አልበለጠም። የሙከራው ባለቤቶች ሥራቸውን እስከ ዛሬ ይሟገቱለታል። ራሳቸው በ2015 ባወጡት የክትትል ጽሑፍ ግን ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አልተገኘም።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል፣ በ2006 ከአውስትራሊያዋ የገጠር ከተማ ከደቦ የመጣ አንድ ጥናት ሊሰጠው የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። ተመራማሪዎቹ በኤፕስታይን ባር ቫይረስ፣ በሮስ ሪቨር ቫይረስ ወይም ኪው ፊቨር በሚያመጣው ባክቴሪያ የተያዙ 253 ሰዎችን ከሕመማቸው መነሻ ጀምረው ተከታተሉ። ከስድስት ወር በኋላ 12 በመቶው አቅም በሚያሳጣ ድካም ውስጥ ነበሩ። ሦስቱ ተሐዋስያን የማይገናኙ ሆነው ሳለ የቀረው ሕመም አንድ ዓይነት ነበር። ማን እንደሚቀር የተነበየው የመጀመሪያው ሕመም ብርታት ነው፤ የሰውየው ጠባይ ወይም የቀደመ የአእምሮ ጭንቀት አልተነበየም። የ1970ውን ክርክር ለመመለስ ከዚህ የተሻለ ሰነድ አላውቅም፤ ምክንያቱም ከመጨረሻው ወደ ኋላ አልተነበበም፤ ከመነሻው ወደ ፊት ተጻፈ።

በ2015 የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ከ9,000 በላይ ጽሑፎችን መርምሮ፣ ከልፋት በኋላ የሚመጣውን መባባስ የበሽታው ዋና መለያ አደረገው፤ ራምሴ ከጻፈው ጋር ይቀራረባል። ናይስም መመሪያውን እንደገና ማዘጋጀት ጀመረ። አዲሱ በኦገስት 18 ቀን 2021 ሊወጣ ሲል በዋዜማው ታገደ፤ ከአዘጋጆቹ አንዳንዶቹ ለቀቁ፤ በኦክቶበር 29 ታተመ። በየጊዜው በተወሰነ መጠን የሚጨመር እንቅስቃሴ ከእንግዲህ እንዳይሰጥ አለ። የንግግር ሕክምና ከሕመሙ ጋር ለመኖር ድጋፍ ይሁን እንጂ እንደ ፈውስ አይቅረብ አለ። በቦታው ያስቀመጠው አቅምን መመጠንን ነው፤ ሕመምተኛው ዛሬ ያለውን ጉልበት አውቆ በዚያ ውስጥ እንዲሠራ፣ ገደቡን ሳይጥስ እንዲያርፍ። ከዚህ ጋር የእንቅልፍ፣ የሕመም ማስታገሻና የምግብ ክትትል ተያይዟል፤ እንቅስቃሴ ለመጨመር የፈለገና የተዘጋጀ ሰውም በባለሙያ እገዛ ይሞክራል። ይህ ከሚቸል ዕረፍት የሚለየው ልኩን የሚያውቀው ሕመምተኛው በመሆኑ ነው።

መመሪያው ሲዘጋጅ ኮቪድ መጥቶ ነበር። ሎንግ ኮቪድ የሚለውን ስም ሐኪም አላወጣውም። በሜይ 2020 ኤሊዛ ፔሬጎ የተባለች ጣልያናዊት የአርኪዮሎጂ ተመራማሪ በትዊተር ጻፈችው፤ ሕመምተኞች ተቀባበሉት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይፋዊ ትርጓሜ ያወጣው በኦክቶበር 2021 ነው። በዚያው ዓመት ሕመምተኞች ራሳቸው የመሩት ጥናት ከ56 አገሮች 3,762 ሰዎችን ጠይቆ፣ የአካልም ሆነ የአእምሮ ልፋት ሕመሙ እንዲያገረሽ እንደሚያደርግ አሳየ። ተቃራኒ ምስክርም አለ፤ መደበቅ ተገቢ አይደለም። የሊቨርፑሉ የተላላፊ በሽታዎች ፕሮፌሰር ፖል ጋርነር በሜይ 2020 ስለ ራሱ ሕመም ከጻፉት ቀዳሚዎች አንዱ ነው፤ በ2021 መጀመሪያ ደግሞ ስለ ሕመሙ ያለውን አስተሳሰብ ለውጦ እንደዳነ ጻፈ። የአንድ ሰው ታሪክ የሌላውን አይሽርም፤ ሁለቱም በመዝገቡ ይቀመጣሉ።

አሁን የሚታየው አቅጣጫ የተለያዩ እገዛዎችን ማቀናጀት ነው፤ ውጤታቸውም መጠነኛ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ ኦፔራና ኢምፔሪያል ኮሌጅ የጤና አገልግሎት በጋራ ያዘጋጁት የስድስት ሳምንት ፕሮግራም፣ ዘፋኞች እሹሩሩ የመሰሉ የሕፃናት ማስተኛ ዜማዎችን ይዘው በኢንተርኔት ትንፋሽ ያስተምሩበታል። በ2022 በታተመው የ150 ሰዎች ሙከራ ፕሮግራሙን የተከታተሉት ሰዎች የአእምሮ ደኅንነት ተሻሽሏል፤ የአካል ጤና ነጥባቸው ግን ፕሮግራሙን ካልተከታተሉት የሚለይ መሻሻል አላሳየም። በሆንግ ኮንግ 463 ሰዎች በተሳተፉበት፣ በ2023 መጨረሻ በወጣ ሙከራ፣ የአንጀት ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን የያዘ ዝግጅት ለስድስት ወር የወሰዱት ከድካምና ከመርሳት በተሻለ አገግመዋል። የብዙ ሰዎችን ኪስ ያራቆቱት ሌሎች እንክብሎችና ማሟያዎች ግን አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ፈተና አላለፉም፤ ለተቸገረ ሰው መሸጣቸው ያሳዝነኛል።

በ2024 መጀመሪያ ሁለት ጽሑፎች በአንድ ወቅት ወጡ። ሪጌን የተባለው የብሪታኒያ ሙከራ 585 ሰዎችን አሳትፎ፣ ለስምንት ሳምንት በኢንተርኔት በቡድን የተሰጠ የእንቅስቃሴና የሥነ ልቡና ድጋፍ የኑሮ ጥራትን በመጠኑ እንደሚያሻሽል አገኘ። በአምስተርዳም ደግሞ ተመራማሪዎች 25 የሎንግ ኮቪድ ሕመምተኞችንና 21 ጤነኞችን በብስክሌት አስነድተው፣ ከልፋቱ በፊትና በኋላ ከጭናቸው ቅንጣት ሥጋ ወስደው መረመሩ። በሕመምተኞቹ ጡንቻ ከልፋቱ በኋላ የሕብረ ሕዋስ ጉዳት በርትቷል፤ ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጨው የሚቶኮንድሪያ ሥራም ቀንሷል። ሁለቱን ጽሑፎች ያነበቡ ብዙዎች አንዱን በሌላው ላይ አነሡት። ተሳታፊዎቹን ማየት ግን ያስፈልጋል። የሪጌን ተሳታፊዎች በኮቪድ ሆስፒታል ተኝተው የወጡ ናቸው፤ ከጽኑ ሕመም የወጣ አካል ቀስ በቀስ መለማመድ ሊጠቅመው ይችላል። የአምስተርዳሞቹ የተመረጡት ልፋት ሕመማቸውን የሚያባብስባቸው በመሆናቸው ነው። በናይስ የ2021 መመሪያም ይህ ምልክት የሌለበት ሰው ማያልጂክ ኢንሴፋሎማየላይትስ አለበት አይባልም፤ ስለዚህ የሕክምናው ትእዛዝ ከመጻፉ በፊት ሐኪሙ በማግሥቱ የሚሆነውን መጠየቅ ይኖርበታል።